ሮቦቱ ሲገፋ ለምን ይጠፋል?

ከደሴ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ነገሩ እንዲህ ነው ያልከኝ፦ ከጓደኞችህ ጋር የመጀመሪያ የፍልሚያ ሮቦታችሁን ሠራችሁ። ባዶ ወለል ላይ ጥሩ ይሮጣል፣ ግድግዳ ሲገፋ ግን ጥፍት ይልና ተመልሶ ይበራል። ባትሪው ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ሦስት ሴል ነው፣ ሞተሩን የሚነዳው ኤል298ኤን የሚባለው ትንሽ ሰሌዳ። አሁን የግራይንደር ዲስክ ልትገጥሙበት አስባችኋል።

እኔ ኮምቦልቻ ሞተር ስጠቀልል ነው የኖርኩት። ሞተርህን አትጠርጥረው። ጭነት የያዘ አይሱዙ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ነዳጅ እንደሚጠጣው፣ ሞተርም ከሁሉ በላይ ከረንት የሚስበው መዞር ሲያቅተው ነው። የላፕቶፕ ሴል ለዚህ አልተሠራም፣ ያረጀ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ። ድንገት ብዙ ሲጠየቅ ቮልቴጁ ይወድቅና ሪሲቨሩ (የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው) ይጠፋል፤ ሞተሩ ሲቆም ቮልቴጁ ይነሣል፣ ሪሲቨሩም ይነቃል።

ቴስተሩን ባትሪው ላይ አድርገህ ሮቦቱን ግድግዳ አስገፋውና ቁጥሩን እየው። 11 ቮልት የነበረው ወደ 6 ወይም 7 ካሽቆለቆለ አገኘኸው ማለት ነው። ካልወረደ ብየዳህንና ገመድህን ፈትሽ።

ኤል298ኤንም ለፍልሚያ አይሆንም። አቅሙ በአንድ ቻናል 2 አምፒር ነው፣ ከባትሪህ ላይም 2 ቮልት ያህል ራሱ በሙቀት ይበላብሃል። ሞተርህ መዞር ሲያቅተው የሚስበውን ከረንት የሚችል ኢኤስሲ (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ፈልግ። ባትሪውን በሦስት ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ) ቀይረው፤ ሲሞላ 12.6 ቮልት ነው። አንዱ ሴል ከ3 ቮልት በታች እንዳይወርድ፣ ያበጠውን አትንካው፣ ቻርጅ ላይ አድርገህም ጥለኸው እንዳትተኛ።

ዲስኩን ግን እባክህ ተወው። የግራይንደር ዲስክ ብረት ሲመታ ይሰባበራል። አንዴ ስባሪው አጠገቤ በር ላይ ሲሰካ አይቻለሁ፣ ዓይኔ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አልጽፍልህም ነበር። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የያዘው ጉልበት አራት እጥፍ ነው፣ ያለ ፖሊካርቦኔት (ጠንካራ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ) ሳጥን የሚሞከር ነገር አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከላሜራ ቆርጠህ መሬት የሚልስ ተዳፋት ፊት ሥራለት፤ ተጋጣሚው ሥር ገብቶ ይገለብጠዋል። ብዙ ሰው የሚሸነፈው መሣሪያ ስላጣ ሳይሆን ጎማው ወልቆ ወይ ገመዱ ተነቅሎ ነው፣ ስለዚህ ብሎኑን በደንብ አጥብቅ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ጎማውን ከመሬት አንሥተህ ሪሞቱን አጥፋው። ሮቦቱ ወዲያው ካልቆመ ፌይልሴፉን (ሲግናል ሲቋረጥ ሮቦቱን የሚያቆመውን) ሳታስተካክል መሬት አታስነካው።

የቴስተሩን ቁጥር ጻፍልኝና እንቀጥላለን።