ተረከዙን የሚያመው ልጅ ኳስ ያቁም?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጅሽ 9 ዓመቱ ነው። አዘዞ አንድ የታዳጊዎች ኳስ ፕሮጀክት ገብቶ በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት ይሠለጥናል። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ተረከዙን እያመመው እያነከሰ ይመለሳል። አሰልጣኙ «ይለምደዋል» አለሽ፣ አባቱ ደግሞ «ያቁም» አለ።

እኔ እዚሁ ጎንደር ለ11 ዓመት ታዳጊዎችን አሠልጥኛለሁ። በሁለቱም አልስማማም።

ይህ ሕመም ከ8 እስከ 14 ዓመት ባሉ ሩጫ የሚያበዙ ልጆች ላይ የተለመደ ነው። በዚያ ዕድሜ የተረከዝ አጥንት ከኋላ በኩል ገና አልጠነከረም። አጥንቱ ቶሎ ያድጋል፣ የባቱ ጡንቻ ግን አይደርስበትም። ስለዚህ በሮጠ ቁጥር ጅማቱ ያንን ለስላሳ ቦታ ይጎትተዋል። ተረከዙን ግራና ቀኝ በጣትሽ ጫን ስትዪው ካመመው፣ ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ልጁ እያስመሰለ አይደለም። ሲያድግ ይተወዋል፤ እስከዚያ ጫናው ይቀነስለት። ካበጠ፣ ትኩሳት ካለው ወይም ሌሊት ከእንቅልፉ ከቀሰቀሰው ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ሆስፒታል ውሰጂው። ወጌሻ ጋ ወስደሽ አታሳሺው፣ አታሳስሪው። በጥብቅ ታስሮ ደም አልዘዋወር ብሎት እግሩ የተጎዳ ልጅ በዓይኔ አይቻለሁ።

ይህን ሁሉ የምልሽ እኔም ስላጠፋሁ ነው። አንድ የ11 ዓመት ልጅ ነበረኝ፣ ግራ እግሩ ኳስ የሚያናግር። «ተረከዜን» ሲለኝ «አይዞህ፣ ወንድ አይደለህ!» እያልኩ አሮጥኩት። አንድ ቀን እናቱ የገዛሁለትን ታኬታ በፌስታል ይዛ መጥታ መለሰችልኝ። ከዚያ በኋላ ልጁን ሜዳ ዳር እንኳ አላየሁትም። ያ ፌስታል እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

የልጅ የሳምንት ልምምድ በሰዓት ሲቆጠር ከዕድሜው መብለጥ የለበትም። የልጅሽ 12 ሰዓት ነው፣ በዛ። አሜሪካኖች በቤዝቦል የልጅን ውርወራ አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። በልጆች ሊጋቸው ሕግ የ9 ዓመት ወርዋሪ የቀኑ ጣሪያው 75 ነው፤ ከዚያ ሌላ ልጅ ይተካዋል። ለእኛ ልጆች ሩጫቸውን የሚቆጥርላቸው የለም። አንቺ ቁጠሪለት።

አሰልጣኙን ለብቻው አናግሪው፣ ልጆቹ ፊት አይሁን። ክፋት የለበትም፣ እኔም እንደሱ ነበርኩ። ለአንድ ወር በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ይምጣ በዪው። ሲያመው ሩጫውን ትቶ ቆሞ ኳስ ይቀባበል፤ ዋናው ከጓደኞቹ አለመለየቱ ነው። በበጋ ሜዳው ድንጋይ ስለሚሆን ታኬታውን አውልቆ ወፈር ያለ ሶል ባለው ጫማ ይጫወት። ማታ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለሽ አሥር ደቂቃ ያዥለት።

አባቱንም አደራ። ክለባችን ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ካነሣ ወዲህ በየሜዳው ዳር አባት በዝቷል፣ ደስ ይላል። ግን አባት ከዳር «ምታው! ስጠው!» እያለ ሲጮህ ልጁ ማንን እንደሚሰማ ይጨንቀዋል። ዝም ብሎ ያጨብጭብለት። እሑድ ደግሞ ከሰፈር ልጆች ጋር፣ ካላመመው፣ አሰልጣኝ በሌለበት በካልሲ ኳስ ይጫወት። ጨዋታውን የወደደው እዚያ ነውና።

እስቲ ሁለት ሳምንት ሞክሪና እዚሁ ጻፊልኝ። ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ እንዴት እንደሚረግጥ ልብ ብለሽ እዪልኝ።