ፓኬጁን ከማሳደጋችሁ በፊት ኔቱ የት ጋ እንደሚጠፋ እዩ

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት። ጎንደር ማራኪ አካባቢ ተከራይታችሁ 10 ሜጋ የተባለ ፋይበር አስገብታችኋል፣ ጠዋት ደህና ነው ማታ ግን ዩቲዩቡ እየተሽከረከረ ይቀራል፣ ባልሽ "20 እናድርገው" ይላል አንች ደሞ "ቆርጠነው በሞባይል ዳታ እንኑር" ትያለሽ። የመለሱልሽ ሰዎች ግማሾቹ "ሌቦች ናቸው" ብለው አልፈዋል፣ ብስጭቱ ይገባኛል እኔም ብሩን ስከፍል ያንገበግበኛል፣ ግን እሱ ማታውን አያስተካክልልሽም። እኔ አዘዞ ነኝ፣ ሥራዬ ግማሹ ከቤት ነው፣ በፊት በስልክ መስመር በመዳቡ ገመድ ነበር የምጠቀመው አሁን ፋይበር ነው፣ ሁለቱንም ቀምሻቸዋለሁ። ትንሽ ይረዝማል ታገሽኝ።

ባጭሩ አሁን አታሳድጉት፣ አትቁረጡትም። መጀመሪያ ፍጥነቱ የት ጋ እንደሚጠፋ ይታወቅ፣ ቤት ውስጥ ነው ወይስ ከቤታችሁ ውጭ። ውጭ ከሆነ 20 ብትከፍሉም ማታ ማታ ያው ነው። ጎረቤቴ ይሄንኑ አድርጎ አይተነዋል፣ እጥፍ ከፈለ፣ ጠዋት ላይ እውነትም እጥፍ ሆነለት፣ ከእራት በኋላ ግን ከኔ እኩል ነበር የሚንፏቀቀው።

አንድ ነገር ቶሎ ልበልና ልለፍ። የሚሸጡልሽ ሜጋ ሜጋ ቢት ነው፣ ፋይል ስታወርጂ ስልክሽ ላይ የምታይው ግን ሜጋ ባይት ነው፣ አንድ ባይት ደሞ 8 ቢት ነው። ስለዚህ 10 ሜጋ ሙሉ ለሙሉ ቢገባ እንኳ በሰከንድ 1.25 ሜጋ ባይት ነው የምታይው፣ 700 ሜጋ ባይት የሆነ ፊልም ከ9 ደቂቃ በላይ ይፈጅብሻል። ይሄን ሳያውቅ "10 ብላችሁ 1 ሰጣችሁኝ" ብሎ ቢሮ ሄዶ የሚጣላ ሰው ብዙ ነው፣ እዛ ያሉት ልጆችም ተረጋግተው አያስረዱም፣ ሁሉም ተናዶ ይለያያል። ደሞ 1080 ጥራት ያለው የዩቲዩብ ቪዲዮ 5 ሜጋ ቢት ገደማ ይፈልጋል፣ 720 ከሆነ 2.5 አካባቢ። ቲቪው ላይ አንድ፣ ልጁ ታብሌት ላይ አንድ በ1080 ከከፈቱ 10ሩ አለቀ፣ ኩባንያውን መራገም ሳያስፈልግ ማለት ነው። ጥራቱን ወደ 480 ዝቅ ማድረግ ለልጅ ካርቱን በቂ ነው።

አሁን ምርመራው። ላፕቶፕ ከሌላችሁ ተዋሱ፣ ከራውተሩ ጋር በላን ኬብል አገናኙት፣ የላፕቶፑን ዋይፋይ አጥፉት፣ ሌላውን ስልክና ቲቪ በሙሉ ለጥቂት ደቂቃ ከዋይፋዩ አስወጡና ስፒድ ቴስት ሥሩ። በዋይፋይ ከመኝታ ቤት የተሠራ ቴስት ማንም አያምንልሽም፣ ማመንም የለበትም፣ ግድግዳውን ነው የለካሽው። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ፣ ቀን፣ ከዛ ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ለአንድ ሳምንት ያህል ስክሪንሾት እያነሳሽ አስቀምጭ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ፣ ስፒድ ቴስቱ ራሱ ቅርብ ያለ ሰርቨር (ፍጥነቱን የሚለካበት ኮምፒዩተር) ነው የሚመርጠው፣ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ያለውን። የባሕር በር የለንም፣ ወደ ውጭ የሚሄደው ኢንተርኔት ጎረቤት አገር አቋርጦ፣ በጅቡቲ በኩል ምናምን ነው ከባሕር ሥር ኬብሉ ጋር የሚገናኘው፣ ስለዚህ አዲስ አበባ ድረስ 10 ሞልቶ ውጭ አገር ሲሆን 2 ሊሆን ይችላል። ሰርቨሩን በእጅሽ ቀይረሽ አንድ የአገር ውስጥ አንድ የአውሮፓ አድርገሽ ሁለቱንም ለኪ። "ስፒድ ቴስት ላይ ሙሉ ነው ግን ቪዲዮ ኮሉ ይቆራረጣል" የሚሉ ሰዎች ነገሩ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

በኬብል ሲለካ በሁለቱም ሰርቨር ማታም 9 እና 10 ከገባ ችግሩ ቤታችሁ ውስጥ ነው፣ ይሄ ደስ የሚል ዜና ነው ምክንያቱም በነጻ ይስተካከላል። የኛ ከተማ ቤቶችን ታውቂያቸዋለሽ፣ ፒያሳ ያሉት ጣሊያን ሠራሽ ቤቶች ግድግዳቸው ምሽግ ነው፣ በድንጋይ የተሠሩትም እንደዛው፣ በቆርቆሮ የተከፈለ ሰርቪስ ቤት ደሞ ሲግናሉን እንዳለ ይመልሰዋል። አብዛኛው ራውተር ሁለት ስም ነው የሚያወጣው፣ አንዱ 2.4 አንዱ 5 ጊጋኸርዝ ነው። 5ቱ ፈጣን ነው ግን ግድግዳ አይወድም፣ 2.4ቱ ግድግዳ ይሻገራል ግን ማራኪ ውስጥ ባለ አንድ ግቢ ስንት ተከራይ ስንት ራውተር እንዳለ አስቢው፣ ሁሉም እዛው ላይ ነው የሚጯጯኸው፣ በተለይ ማታ ሁሉም ቤት ሲገባ። ስለዚህ ቲቪውን 5ቱ ላይ ወይም በኬብል አድርጉት፣ ለ2.4ቱ ደሞ የራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ቻናሉን (ሲግናሉ የሚሄድበት መንገድ ነው) ከ1፣ ከ6 እና ከ11 አንዱን ሞክሩ። ራውተሩን ከቲቪው ጀርባ፣ ከፍሪጅ ጎን፣ ቁም ሳጥን ውስጥ አትሸጉጡት፣ ቴክኒሻኑ ለሱ ገመድ የቀረበው ቦታ ላይ ነው ሰክቶት የሚሄደው እንጂ ለናንተ የሚመቸው ቦታ ላይ አይደለም።

ፓስወርዱስ? የተከራይ ግቢ ከሆነ ይሄ ዋናው ነው። አከራይ አስገብቶ ተከራይ የሚያዋጣበት ቤት ከሆነ አንድ ልጅ ለጓደኛው፣ ጓደኛው ለሰፈሩ ይሰጥና ማታ አጥር ሥር ስልክ ይዞ የተቀመጠው ሁሉ ባንች 10 ሜጋ ፊልም ያወርዳል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ። የራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የተገናኙትን ቁጠሯቸው፣ የዋይፋዩን ፓስወርድ ቀይሩ፣ ከራውተሩ ጀርባ የተለጠፈውን የመግቢያ ፓስወርድም ቀይሩ፣ አለዚያ የቀየርሽውን ያው ሰው ገብቶ መልሶ ያየዋል። ሌላው ነገር፣ ስልኮቻችሁ ፎቶ ወደ ጉግል ባክአፕ የሚያደርጉት ቤት ሲገቡ ዋይፋይ ሲያገኙ ነው፣ ማታ! መላኪያውን ሲሞሉት መቀበያውም አብሮ ይንቀራፈፋል። ቻርጅ ላይ ሆኖ ሌሊት እንዲልክ አድርጉት ወይ ዝም ብላችሁ አጥፉት።

በኬብል ተለክቶም ሌሊት 10 ማታ 2 ከሆነ ግን ጥፋቱ ከናንተ አይደለም። ፋይበር ሲባል ለየቤቱ ከኩባንያው ማዕከል የራሱ ገመድ የሚመጣ ይመስለናል፣ እንደዛ አይደለም። ጂፖን በሚባለው አሠራር አንድ መስመር 2.5 ጊጋ ቢት ያህል ይዞ ይመጣና ሰፈር ውስጥ በስፕሊተር ለ32 ወይ ለ64 ቤት ይከፋፈላል፣ የቦኖ ውሃ ማለት ነው፣ ሌሊት ብቻሽን ስትቀጅ ይንፎለፎላል ሁሉም ጀሪካኑን ይዞ ሲመጣ ይንጠባጠባል። እንደውም 2.5 ጊጋ ለ64 ቤት 10 10 ሜጋ ሲካፈል ይተርፋል፣ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚጠበው ስፕሊተሩ ሳይሆን ከሱ በላይ ከማዕከሉ ወደ ዋናው ኔትወርክ የሚወጣው መስመር ነው፣ ማለትም ጥፋቱ ያንን ሳያሰፉ ደንበኛ መጨመር ነው። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ ሲሸጡሽ "እስከ 10" የምትለዋን "እስከ" አያነቡልሽም፣ ወር ሲደርስ ግን ሂሳቡ "እስከ" የለውም፣ ሙሉው ከነ 15 ፐርሰንት ቫቱ ነው።

ቀኑን ሙሉ የሚቆራረጥ ከሆነ ደሞ ሌላ ነው፣ የገመድ ችግር ነው። ፋይበሩን የሚቀበለው ሳጥን ላይ ሎስ (LOS) የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ገመዱ ተቆርጧል ወይ ከልክ በላይ ታጥፏል፣ መንገድ በተቆፈረ ቁጥር የሚሆን ነገር ነው፣ ሪስታርት አያድነውም አትልፊ። መብራቱ ቀይ ሳይሆን ኔቱ ከደከመ ቴክኒሻኑ ሲመጣ "ፓወሩ ስንት ነው" ብለሽ ጠይቂው፣ በዲቢኤም (በገመዱ የሚደርሰው የብርሃን ጉልበት መለኪያ ነው) ይነግርሻል። ኔጌቲቭ 20 ምናምን ጥሩ ነው፣ ኔጌቲቭ 27 ከደረሰ አፋፍ ላይ ነው፣ ኮኔክተሩን ያጽዳው ወይ እንደገና ይቀጥለው። ልጁ ጥያቄውን ሲሰማ አስተያየቱ ራሱ ይቀየራል፣ እንደሚገባሽ ያውቃል። በመዳብ ገመድ ላይ ያላችሁ ሰዎች ደሞ (እዚህ ግሩፕ ውስጥ አላችሁ አውቃለሁ) የናንተ ነገር ርቀት ነው፣ ቴክኖሎጂው (ኤዲኤስኤል የሚባለው) ቢበዛ 24 ሜጋ ነው እሱም ለማዕከሉ ቅርብ ለሆነ፣ 4 እና 5 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ቤት ፓኬጅ ማሳደግ ብር መጣል ነው። ክረምት ላይ ስልኩን አንስታችሁ ሽሽሽ የሚል ካለ መገጣጠሚያው ውሃ ገብቶታል፣ ስለ ኢንተርኔት ሳይሆን ስለ ስልኩ ድምፅ አመልክቱ፣ እኔ እንደዛ ስል ነው ቶሎ የመጡልኝ።

አቤቱታው ላይ። የጥሪ ማዕከል ስትደውይ "ራውተሩን አጥፍተው አብርተዋል?" ከሚለው አታመልጭም፣ አብርቻለሁ በይና ቀጥይ፣ ዋናው የአቤቱታ ቁጥር ሳትቀበይ አትዝጊው። ቁጥር ከሌለ አልደወልሽም ማለት ነው። ከዛ ስክሪንሾቶቹን ፕሪንት አድርገሽ በአካል ሂጂ፣ የሚቻል ከሆነ ከጎረቤት ጋር። እኛ ሰፈር ለየብቻ ስንነጫነጭ ማንም አልሰማንም፣ የተወሰንን ቤቶች ማታ ማታ የለካነውን አንድ ላይ ይዘን አንድ ማመልከቻ ስናስገባ ግን ቆይቶም ቢሆን መጥተው የተወሰነውን ቤት ወደ ሌላ መስመር አዛወሩት። አሁን ማታ 10ሩ አይሞላም ግን ቪዲዮ ኮል ይሠራል። ለተቋረጠበት ጊዜ ተቀናሽ ጠይቄ ግን "ሲስተሙ አይፈቅድም" ነው የተባልኩት፣ ሲከፈል የሚፈቅድ ሲስተም ሲመለስ የማይፈቅደው ለምን እንደሆነ የሚነግረኝ አላገኘሁም። አንች ግን በጽሑፍ ጠይቂ። ካልሆነ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሚባል ተቆጣጣሪ አለ፣ የደንበኛ ቅሬታ ይመለከተዋል፣ ግን መጀመሪያ ለአቅራቢው አመልክተሽ ያ ቁጥርና ደብዳቤው እጅሽ ላይ ይኑር፣ ባዶ እጅ ብትሄጂ ወደዛው ነው የሚመልሱሽ።

ስለ ሞባይል ዳታው፣ ለሁለት ሰው ለቴሌግራምና ለፌስቡክ ከሆነ ይበቃል፣ ቲቪና ልጅ ካለ ግን ባለ ጊጋ ፓኬጅ በሳምንት ያልቅብሻል። 1080 ቪዲዮ አንድ ሰዓት ሲታይ ወደ 2 ጊጋ ይበላል፣ የወሩን አስልተሽ ከዋይፋዩ ክፍያ ጋር አወዳድሪው። በሲም የሚሠራውን ራውተርም መሞከር ካማራችሁ ተውሳችሁ እቤታችሁ ውስጥ ማታ ላይ ሞክሩት፣ ከኔትወርክ ታወሩ በአንድ ቤት ተጋርዶ ሌላ ነው ፊት ለፊቱ ሆኖ ሌላ ነው፣ ጥምቀት ሰሞን ግን አትፈትኑት፣ ከተማው በእንግዳ ሲሞላ ኔትወርኩ ለማንም አይሆንም። ደሞ ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ የሞባይል ዳታ በክልሉ ሲዘጋ ምን እንደሆንን አትርሽ፣ የገመድ መስመር ያለው ቤት ደጃፍ ነበር ሰው የሚሰበሰበው። እኔ ለዚህ ብዬ ነው እየተናደድኩም ገመዱን የማልቆርጠው።

መብራት ሲሄድ የሚጠፋው ነገር ደሞ ለብቻው ነው፣ አብዛኛው ራውተር 12 ቮልት ነው፣ ለራውተር ተብሎ የሚሸጥ ትንሽ ባትሪ አለ እሱን ግዙ። ከመግዛታችሁ በፊት የአዳፕተሩን ቮልትና አምፔር አንብቡ፣ 9 ቮልትም 5 ቮልትም አለ፣ ፋይበሩን የሚቀበለው ሳጥንና ዋይፋዩ ለየብቻ ከሆኑ ለሁለቱም ነው የሚያስፈልጋችሁ።

በይ የሳምንቱን ቴስት ሥሪና የሌሊቱንና የማታውን ስክሪንሾት እዚሁ ለጥፊው፣ አይተን የቤት ነው የውጭ ነው እንልሻለን። ስትለጥፊ ግን የአካውንት ቁጥራችሁንና የአይፒ አድራሻውን ሸፍኝው፣ ባልሽንም እስከዛ 20ውን እንዳይፈርም ያዥልን።