ሴናተር ጆርጅ ማክገቨርንና የቬትናም ጦርነት፦ ጥያቄና መልስ

(ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ጥያቄ፦ ማክገቨርንን ከማካርቲ መለየት አቅቶኛል። ሁለቱም ጦርነቱን የተቃወሙ ዴሞክራቶች አይደሉም እንዴ?

መልስ፦ ናቸው፤ ዓመቱ ነው የሚለያቸው። የሚኒሶታው ዩጂን ማካርቲ የ1968ቱ ሰው ናቸው፤ በኒው ሃምፕሻየር ቅድመ ምርጫ 42 በመቶ አግኝተው ፕሬዚዳንት ጆንሰንን ያስደነገጡት። የሳውዝ ዳኮታው ማክገቨርን የፓርቲው ዕጩ የሆኑት በ1972 ነው። ኮሚኒስት አሳዳጁ ጆሴፍ ማካርቲ ደግሞ ሌላ ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ለጦርነቱ በር የከፈተውን የቶንኪን ውሳኔ ራሳቸው ደግፈዋል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ኦገስት 7 ቀን 1964 ሴኔቱ 88 ለ2 ሲያጸድቀው ከ88ቱ አንዱ ነበሩ። እምቢ ያሉት የኦሬገኑ ዌይን ሞርስና የአላስካው ኧርነስት ግሩኒንግ ብቻ ናቸው። የሚገርመው፣ ማክገቨርን ሴኔት በገቡ በመጀመሪያው ዓመት፣ በሴፕቴምበር 1963፣ የቬትናምን ፖሊሲ በአዳራሹ ተችተው ነበር። ስለ እሳቸው የሚጽፉ ሰዎች የሚስማማቸውን አንዱን ብቻ ያነሣሉ።

ጥያቄ፦ ጦርነት በበጀት ይቆማል ሲባል አይገባኝም። ሴናተር ጦር ማስወጣት ይችላል?

መልስ፦ ጦሩን የሚያዘው ፕሬዚዳንቱ ነው፤ ገንዘቡን የሚፈቅደው ግን ኮንግረስ ነው። ማክገቨርንና ሪፐብሊካኑ ሴናተር ማርክ ሃትፊልድ ገንዘቡን በመቁረጥ ጦሩን የሚያስወጣውን ማሻሻያቸውን ያቀረቡት የአሜሪካ ጦር ካምቦዲያ በገባበት በ1970 ነው፤ ያያዙትም ከጦር መሣሪያ ግዢ ፈቃድ ሕግ ጋር ነበር። ለብቻው ቢቀርብ ኮሚቴ ውስጥ ተኝቶ ይቀር ነበር፤ ፔንታጎን (የመከላከያ ሚኒስቴሩ) የግድ ከሚፈልገው ሕግ ጋር ሲታሰር ግን ድምፅ ሳይሰጥበት አይታለፍም። የመጨረሻው ቅጂ ሁለት ቀነ ገደብ ነበረው፦ እስከ ኤፕሪል 30 ቀን 1971 የወታደሩ ቁጥር ከ280,000 እንዳይበልጥ፣ እስከ ዲሴምበር 31 ደግሞ ሁሉም እንዲወጣ።

ሴፕቴምበር 1 ቀን 1970 በ55 ተቃውሞና በ39 ድጋፍ ወደቀ። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ማክገቨርን ተነሥተው፣ እዚህ ያለ ሴናተር ሁሉ 50,000 ወጣቶችን ወደ መቃብር በመላክ በከፊል ተጠያቂ ነው፣ አዳራሹም ደም ደም ይሸታል አሉ። ብዙዎቹ ተቀየሙ። ንግግሩ ድምፅ ያመጣላቸው አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ከወደቀ ታዲያ ምን ፋይዳ አለው?

መልስ፦ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ በ1970 የወደቀው መንገድ በ1973 ሠራ። ኮንግረስ ካምቦዲያን በቦምብ ለመደብደብ ገንዘብ እንዳይወጣ የሚከለክል አንቀጽ በተጨማሪ በጀት ሕግ ውስጥ አስገባ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ጁን 27 ቬቶ አደረጉት፣ ማለትም አልፈርምም ብለው መለሱት። ቬቶ የሚሻረው በሁለቱም ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው፤ የተወካዮች ምክር ቤት ይህን ማሟላት አልቻለም። በጀት የመቁረጥ ስልት ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እዚሁ ጋ ነው፤ አብላጫ ድምፅ ብቻውን አይበቃም።

ያዳነው የቀን መቁጠሪያው ነው። ያኔ የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ጁን 30 ነበር፤ መንግሥት ያለ አዲስ ሕግ ሥራውን መቀጠል አይችልም። የምክር ቤቱ ሰዎች ክልከላውን ከማይቀሩት ሕጎች ጋር ደጋግመን እናያይዛለን ሲሉ ኋይት ሀውስ ለድርድር ተቀመጠ፤ ድብደባው ኦገስት 15 እንዲቆም ተስማሙ፣ ቆመም። ቬቶ የተደረገውን አንቀጽ ያመጡት ማን መሰሏችሁ? ቶማስ ኢግልተን፤ ማክገቨርን በ1972 ከምክትል ዕጩነት ያስወጧቸው ሴናተር።

ጥያቄ፦ የኢግልተን ጉዳይ ምን ነበር?

መልስ፦ ሳያጣሩ መምረጥ። ሌሎች እምቢ ካሉ በኋላ የፓርቲው ጉባኤ ሊያልቅ ሲል በጥድፊያ ተመረጡ። በ1960፣ በ1964 እና በ1966 በድብርት ሕመም ሆስፒታል መተኛታቸውና የኤሌክትሪክ ንዝረት ሕክምና ማግኘታቸው ጁላይ 25 ይፋ ሆነ። ማክገቨርን «አንድ ሺህ በመቶ» ከጎናቸው ነኝ አሉ፤ ጁላይ 31 አስወጧቸው። በእኔ ግምት ዘመቻውን የጎዳው ከሕመሙ ይልቅ ያ ቁጥር ነው። ተተኪው ሳርጀንት ሽራይቨር ሆኑ፦ ከ1962 ጀምሮ ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች አስተማሪ የላከው የሰላም ጓድ የመጀመሪያ ዳይሬክተር።

ጥያቄ፦ በ1972 ምርጫ በኒክሰን በ49 ክፍለ ግዛት መሸነፋቸው ሕዝቡ ጦርነቱን ይደግፍ ነበር ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። በኦገስት 1972 የመጨረሻው እግረኛ የውጊያ ክፍል ከግዳጅ ወጥቶ ነበር፤ ምርጫው ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ሲቀረው ደግሞ የኒክሰን የጸጥታ አማካሪ ኪሲንጀር ሰላም ደርሷል አሉ። የማክገቨርን ዋና መሣሪያ ከእጃቸው ወጣ። 37.5 በመቶ ድምፅ አገኙ፤ ማሳቹሴትስንና ዋሽንግተን ዲሲን ብቻ አሸነፉ።

ጥያቄ፦ ጦርነት የሚባል ነገር ሁሉ ይቃወሙ ነበር?

መልስ፦ ፈጽሞ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቢ-24 ቦምብ ጣይ እያበረሩ 35 ግዳጅ ፈጽመዋል። በ1978 ያኔ ካምቦዲያን ይገዛ የነበረውን ክመር ሩዥን ለማስቆም ዓለም አቀፍ ጦር ይግባ ያሉትም እሳቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ ከእኛ አገር ጋር የሚያገናኛቸው ነገር አለ?

መልስ፦ ምግብ። በ1961 የኬኔዲ «ምግብ ለሰላም» ፕሮግራም ዳይሬክተር ነበሩ። በእሳቸውና በሴናተር ቦብ ዶል ስም የሚጠራው የትምህርት ቤት ምገባ ፕሮግራም በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ተማሪዎችን መግቧል።

ጥያቄ፦ ዲሲ ነው የምኖረው። መቃብራቸው እዚህ ነው?

መልስ፦ አዎ፣ በሮክ ክሪክ መካነ መቃብር፣ ከባለቤታቸው ከኤሌኖር ጋር። ሮክ ክሪክ ፓርክ ውስጥ አትፈልጉት፤ መካነ መቃብሩ ፔትወርዝ ሰፈር አጠገብ ነው። ወረቀታቸውን ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የመድ ቤተ መጻሕፍት አለ።