መልስ፦ 64 ሜጋባይት ራም እያለ 15 ብቻ የሚያየው ኦፕንቢኤስዲ

ወንድሜ፣ ፒያሳ ሱቅህ ያለው አሮጌ ፔንቲየም ኮምፒውተር 64 ሜጋባይት ራም (የሥራ ማህደረ ትውስታ) ይዞ፣ ኦፕንቢኤስዲ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲነሳ 15 ብቻ ያያል ብለሃል። ራም ለመግዛት አትቸኩል። 15 ማለቱ ራሱ ትልቅ ፍንጭ ነው። ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው የቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ ከ15 እስከ 16 ሜጋባይት ያለውን ቦታ ቦርዱ ላይ ለሚሰኩ የድሮ አይኤስኤ ካርዶች የሚተው «ሜሞሪ ሆል» የሚባል ምርጫ ፈልግ። እሱ ከበራ አንዳንድ ባዮስ ቆጠራውን እዚያው ያቆማል። አጥፋው።

ከዚያ ኦፕንቢኤስዲ ሲነሳ በሚመጣው የቡት መጠየቂያ (boot>) ላይ «ማሽን ሜሞሪ» (machine memory) የሚለውን ትእዛዝ ስጥ፤ ከባዮሱ ያገኘውን የሜሞሪ ካርታ ያሳይሃል። አሁንም ከጎደለ፣ በዚያው ትእዛዝ ከ16 ሜጋባይት ጀምሮ 48 መጨመር ትችላለህ። የሌለ ራም ግን በፍጹም እንዳትጨምር፣ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ይወድቃል።

መብራት በጠፋ ቁጥር የባዮሱ ቅንብር ወደ ቀድሞው ከተመለሰ የቦርዱ ባትሪ አልቋል። ሲአር 2032 የሚባለው ክብ ባትሪ ከሆነ እዚያው ሰዓት ሠሪዎቹ ጋ ጠይቅ።