ኮምቦልቻ ላይ የወረደው መምህር

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት መምህርት ጻፈችልኝ። ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ታስተምራለች። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏት። ሌላ ከተማ ሄዳ ሁለተኛ ዲግሪዋን እንድትሠራ ዕድል አግኝታለች። «ጋሼ፣ ልሂድ ወይስ ልጆቼ ከፍ እስኪሉ ልቆይ?» ትላለች።

ቶሎ ልመልስላት አስቤ አልሆነልኝም። ጥያቄዋ አባቴን አመጣብኝ። እሱ ከመጣ ደግሞ ወሬዬ ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

አባቴ ደሴ ውስጥ አስተማሪ ነበር። ደብረ ብርሃን መምህራን ማሠልጠኛ ተምሮ የወጣ የሒሳብ ሰው ነው። በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ ሲያቆሙ አብሮ አድሟል። ሴክተር ሪቪው የሚባለው ጥናት የድሃ ልጅ ከታች ክፍል እንዳያልፍ ያደርጋል ብለው ነው የተቃወሙት። «የደሞዝ ነገርም ነበረበት» ይል ነበር እየሳቀ። ክፍልፋይ ሲያስተምር ዳቦ ይዞ ይገባል። ቁርስ ሳይበላ የመጣውን ልጅ ፊቱን አይቶ ያውቀዋል። «አንተ ና፣ ሦስት ስምንተኛ ውሰድ» ይለዋል።

ቤታችን ውስጥ ትልቁ ወር ሰኔ ነበር፤ ሮስተር የሚሠራበት። ዛሬ ኮምፒውተር ይጨርሰዋል። ያኔ የክፍል ኃላፊው የሰማንያ ልጅ ማርክ በእጁ ሞልቶ፣ ደምሮ፣ አማካይ አውጥቶ፣ ደረጃ ይሰጣል። አባቴ ያንን ሰፊ ወረቀት ቤት አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋዋል። እናቴ ስም ትጠራለች፣ እኔ እደምራለሁ፣ ታላቅ እህቴ ታጣራለች። እናቴ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በሐምሌ 1971 ሲጀመር «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» ይባል ነበር። አባቴ ማታ ማታ ቀበሌ አዳራሽ ያስተምራል፤ እሷ ግን የባሏ ተማሪ መሆን አሳፍሯት ሌላ ጣቢያ ተመዘገበች። አገሪቱ በዘመቻው ከዩኔስኮ በኩል ተሸለመች። እናቴ ደግሞ የሮስተር አንባቢ ሆነች። እኔም የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ጡረታ የወጣሁት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ስለጀመርኩ ይመስለኛል።

ያኔ የማሠልጠኛ ሰርተፍኬት ብቻ የያዘ ሰው ደሞዙ የትም አይደርስም ነበር። ስለዚህ አባቴ ዲፕሎማ ለማግኘት ክረምት ክረምት አዲስ አበባ፣ ኮተቤ መምህራን ኮሌጅ ይማር ነበር። እኛ ትምህርት ሲዘጋ ቤት እንገባለን፣ እሱ ይሄዳል። የመጨረሻው ክረምት ሲደርስ እኔን ተስቦ ያዘኝ።

ትኬት ተቆርጧል፣ ሻንጣው በር ሥር ቆሟል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያኔ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ሐረጎን ወርዶ፣ በኮምቦልቻና በከሚሴ አልፎ፣ ጣርማ በርን በጭጋግ ተሻግሮ ነው የሚገባው። እናቴ «ሂድ፣ እኔ አለሁ» አለችው። ግንባሬን ዳበስ አድርጎኝ ሳይነጋ ወጣ።

ረፋዱ ላይ ሻንጣውን እንደያዘ ተመልሶ መጣ። «አውቶቡሱ ኮምቦልቻ ላይ ተበላሸ» አለ።

«ታዲያ ነገ ትሄዳለህ» አለች እናቴ።

«እናያለን።»

በማግሥቱም አልሄደም። በርጩማውን ወደ አልጋዬ አስጠግቶ እርጥብ ጨርቅ ይቀያይርልኛል፤ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ የማባዣ ሠንጠረዥ ያስቆጥረኛል። የሰው መድኃኒት አይመስልም፤ እኔን ግን ያስተኛኝ ነበር። እኔ ስነሳ የምዝገባው ቀን አልፏል። በሚቀጥለው ክረምት ታናሽ እህቴ ተወለደች። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። አብረውት የጀመሩት ሁለተኛ ደረጃ ገቡ፣ ርዕሰ መምህር የሆኑም አሉ። እሱ ዲፕሎማውን ሳይዝ ጡረታ ወጣ።

አባቴ ሲሞት ድንኳኑ አልበቃም። ሐኪሙም፣ ባለ ጋራዡም፣ ተሸካሚውም «መምህሬ» ይሉ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። ያን ጊዜ እሳቸውም ወደ ኮተቤ ሲሄዱ ከአባቴ ጋር ተሳፍረው ነበር። የተበላሸውን አውቶቡስ አነሳሁባቸው።

«የምን መበላሸት?» አሉኝ። «እኛ በዚያው ዕለት ማታ አዲስ አበባ ገብተናል። አባትህ ሐረጎን ወርደን እስክንጨርስ ቃል አልተነፈሰም። ኮምቦልቻ ስንቆም ‹ልጄ አሞብኛል› ብሎ ሻንጣውን ከላይ አስወርዶ ቀረ።»

እናቴ ገንዘብ ባጠረ ቁጥር «ያ የተረገመ አውቶቡስ!» ትል ነበር። እኛም አብረን እንረግመዋለን። እሱ ቁጭ ብሎ ይሰማል፤ አንዳንዴም ይስቃል። ሳላጫውተው መሞቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ምን እንደምለው ግን አላውቅም።

እንግዲህ «ቤተሰብ ይቀድማል፣ አትሂጂ» የምልሽ መስሎሽ ይሆናል። አልልም። እሱ የተወውን የደሞዝ ጭማሪ እናቴ በርበሬ እየነገደች ነው የሞላችው። ከተስቦውም እሷ ብቻዋን ታስነሳኝ ነበር። መሄድ ነበረበት እላለሁ። ማታ ላይ ደግሞ እንኳን ቀረ እላለሁ። እርጅና ሐሳብ ያረጋጋል የሚሉ ሰዎች ገና አላረጁም።

ሌላም የሚያስፈራኝ ነገር አለ። የዛሬ ልጆች ዲግሪ ስትሰበስቡ አያለሁ። የምረቃ ፎቶ ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል፣ ክፍል ውስጥ ግን አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛን መደመር ማስረዳት የሚቸግረው ባለ ማስተርስ አጋጥሞኛል። አንቺን አይደለም። ደግሞስ ማን ይፈርዳል? የ2014ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል ሰዉ ሁሉ ጣቱን መምህር ላይ ቀሰረ። ያ መምህር ስንት ልጅ ይዞ፣ የቤት ኪራይ በምን ከፍሎ እንደሚያስተምር የጠየቀ ጥቂት ነው።

ጠንክሪ፣ ጊዜሽን ተጠቀሚ አልልሽም፤ ሰባተኛ ክፍልን ጸጥ የምታሰኝ ሴት ይሄ አይጠፋትም። አንድ ነገር ግን አይቻለሁ። ደብዳቤሽ ውስጥ ልጆችሽ አሉ፣ እናትሽ አሉ፣ ርዕሰ መምህሩም አሉ። ባለቤትሽ አንዴም አልተነሳም። አብሮሽ ካለ፣ ከእኔ በፊት እሱን አማክሪ። እሱ ማታ ልጆቹን አብልቶ ማስተኛት ከቻለ ሂጂ። ካልቻለ ይልመድ፤ አንቺም ሂጂ። በክረምት ፕሮግራም የሚሰጥ ከሆነ ግን እሱ ይሻልሻል፤ ሥራሽንም አትለቂም።

ወጪሽን የሚችለው መሥሪያ ቤትሽ ከሆነ ውል ያስፈርሙሻል። ስትመለሺ ስንት ዓመት እንደምታገለግዪና ብታቋርጪ ስንት ብር እንደምትመልሺ ሳታነቢ ብዕር እንዳታነሺ። ዋስም ይጠይቁሻል። ዋስ ካጣሽ ጻፊልኝ።