በአንድ ሌሊት ድፍን ያለ ጆሮ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 56 ነው፤ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት እወስዳለሁ። ከአምስት ቀን በፊት ጠዋት ስነሳ ግራ ጆሮዬ ድፍን ብሎ ይጮህብኝ ጀመር። ሕመም የለውም። ኩክ መስሎኝ ጠብታ እየጨመርኩ ነው፤ ለውጥ የለም። ጎረቤቴ ግን «የጆሮህ ደም ሥር ተዘግቶ ነው፤ አስፕሪን ዋጥ» ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ጠብታውን ይተዉትና ዛሬውኑ፣ ቢዘገይ ነገ፣ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። አምስት ቀን አልፏል፤ ችግሩ ኩክ ሳይሆን ከውስጠኛው ጆሮ ወይም ከነርቩ ከሆነ፣ መድኃኒቱ ይበልጥ የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው።

የጎረቤትዎ ግምት ከሜዳ የመጣ አይደለም። ውስጠኛው ጆሮ ደም የሚያገኘው ላብሪንታይን በምትባል አንዲት ቀጭን ደም ቧንቧ ነው፤ እሷ ከተዘጋች በምትኳ ደም የሚያደርስ በቂ መንገድ የለም። ኮክሊያ በሚባለው፣ ድምፅ በሚቀበለው የውስጠኛው ጆሮ ክፍል ውስጥ ደግሞ ስትሪያ ቫስኩላሪስ የተባለ፣ በጥቃቅን ደም ሥሮች የተሞላ ግድግዳ አለ። ፖታሲየም እየገፋ 80 ሚሊቮልት ገደማ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈጥራል፤ ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት የሚሠሩት በዚሁ ነው። ደም ሲቋረጥ ኃይሉ በደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል። ስኳር የእነዚህን ጥቃቅን ደም ሥሮች ግድግዳ ያወፍራል። ይሁን እንጂ በድንገት ከሚደነቁሩት ሰዎች የአብዛኞቹ መንስኤ ተመርምሮም አይገኝም። አስፕሪን መስማትን እንደሚመልስ አልተረጋገጠም፤ በራስዎ አይጀምሩ።

አፍዎን ዘግተው «እምምም» ይበሉ። ድምፁ በተደፈነው ጆሮ ከጎላ ኩክ ወይም በመሃል ጆሮ ያለ ፈሳሽ ይጠረጠራል፤ በጤነኛው ከጎላ ችግሩ ከውስጠኛው ጆሮ ወይም ከነርቩ ነው። ይህ ፍንጭ እንጂ ምርመራ አይደለም። ቁርጡን የሚለየው የመስማት ምርመራ ነው፦ በ72 ሰዓት ውስጥ በሦስት ተከታታይ የድምፅ ድግግሞሾች (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት ደረጃዎች) መስማት 30 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ከወረደ ድንገተኛ የነርቭ ድንቁርና ይባላል።

የተለመደው ሕክምና ፕሬድኒሶሎን የተባለ የስቴሮይድ ክኒን ነው፤ በቀን በኪሎ 1 ሚሊግራም፣ ከ60 ሳይበልጥ፣ ከ7 እስከ 14 ቀን፣ ከዚያ እየተቀነሰ። ለእርስዎ ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ ክኒኑ ስኳርንም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ይዘው ይሂዱ፤ ዴክሳሜታዞን የተባለውን ሌላ ስቴሮይድ በጆሮ ታምቡሩ በኩል በመርፌ መስጠት ይቻል እንደሆነም ይጠይቁ። ክኒኑ ሳይሠራ ቢቀርም፣ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ድረስ መርፌው ይሞከራል። በነርቩ ላይ ዕጢ አለመኖሩን ለማየት ኤምአርአይ ይታዘዛል።

ከድንቁርናው ጋር ከባድ ማዞር፣ የፊት መደንዘዝ ወይም መጣመም፣ ሁለት ሁለት ማየት፣ የንግግር መንተባተብ ወይም መንገዳገድ ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የውስጠኛው ጆሮ ደም ቧንቧ ብዙውን ጊዜ የምትነሳው ለትንሹ አንጎልና ለአንጎል ግንድ ደም ከሚያደርስ ቧንቧ ስለሆነ፣ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲቲ ስካን ይህን የአንጎል ክፍል በደንብ አያሳይም፤ «ሲቲው ንጹሕ ነው» ቢባሉም ምልክቶቹ ካሉ ወደ ቤት አይመለሱ።