ዲቪ ደርሷት ልጇን ይዛ ለምትሄደው እህታችን፦ ስለ ኮሌጅ ክሬዲቱ

እታለም፣ እንኳን ደስ ያለሽ። «ልጄ ደብረ ማርቆስ 10ኛ ክፍል ናት፤ በዲቪ ቨርጂኒያ ልንገባ ነው። እዚያ ሀይስኩል እያሉ የኮሌጅ ክሬዲት ይያዛል የሚሉኝ እውነት ነው? ከዚህስ ምን ይዤ ልሂድ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ አሜሪካን ረግጬ አላውቅም። የእህቴ ልጅ ግን ልክ እንዳንቺ ልጅ 10ኛን ጨርሶ ከእናቱ ጋር ከፍኖተ ሰላም ሄደ። ወረቀቱን ያሯሯጥኩት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህም በየእሁዱ በቴሌግራም ስለ ትምህርቱ ስንነታረክ ነው የኖርነው።

አዎ፣ እውነት ነው። አንዱ መንገድ ዱዋል ኢንሮልመንት ይባላል። የደብረ ማርቆስ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ከሰዓት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የፍሬሽማን ሎጂክ ቢማር፣ ውጤቱም በሁለቱም ቤት ቢመዘገብለት እንደማለት ነው። እኛ ዘንድ የ12ኛን ፈተና ሳያልፉ ፍሬሽማን የለም። እዚያ ግን አብዛኛውን ጊዜ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆች በአቅራቢያቸው ባለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ) በኩል ይማራሉ፤ ኮርሱ እዚያው ሀይስኩሉ ውስጥ የሚሰጥበትም ጊዜ አለ። ክፍያው እንደየግዛቱ ይለያያል፣ ነፃ የሆነበትም አለ። አንድ ኮርስ በተለምዶ 3 ክሬዲት ነው፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ 120 ገደማ ይፈለጋል።

ሌላው ኤፒ ነው፤ ሀይስኩል ውስጥ በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጥ ትምህርት ማለት ነው። ኤስኤቲ የሚባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ ነው የሚያካሂደው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ክፍል ውስጥ ኤ ማምጣት ብቻውን ክሬዲት አያሰጥም። ክሬዲቱ ያለው በግንቦት ግድም በሚሰጠው ፈተና ነው። ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ነው፤ ብዙ ኮሌጆች ከ3 ጀምሮ ይቀበላሉ፣ ጠንከር ያሉት 4 ወይ 5 ካልሆነ አይሉም፣ ጭራሽ ክሬዲት የማይሰጡም አሉ።

አሁን ወደ እኛ ልጅ። ሒሳብ ላይ ጎበዝ ነው። ትራንስክሪፕቱ ላይ ግን «ሒሳብ» ከሚለው ቃልና ከአንድ ቁጥር በቀር ምንም አልነበረም። ካውንስለሩ (ኮርስ የሚመድበው የትምህርት ቤቱ አማካሪ) አየና አልጀብራ 1 ውስጥ መደበው። እንግዲህ የእኛ የ10ኛ ክፍል ሒሳብ ፖሊኖሚያል፣ ሎጋሪዝም፣ ትሪጎኖሜትሪ ያለበት ነው፤ እዚያ አልጀብራ 2 ላይ የሚያገኙት። የተማረውን መልሶ ሲማር አንድ ሴሚስተር ሄደ። ሒሳብ ደግሞ መሰላል ነው፤ አልጀብራ ሁለትን ያልጨረሰ ካልኩለስ ጋ አይደርስም፣ የኤፒ ካልኩለስም ሳይደርስበት ሊመረቅ ነበር። እናቱ የደብተሩንና የመጽሐፉን ማውጫ ፎቶ ከእኔ አስልካ ይዛ ሄዳ፣ ፈተና ይሰጠው ብላ ስትከራከር ነው ያሳለፉት። ስለዚህ የልጅሽን የሒሳብና የሳይንስ መጻሕፍት ማውጫ አሁኑኑ በስልክሽ አንሺው።

ሁለተኛው ስህተት የራሱ ነው። ጓደኞቹን አይቶ በመጀመሪያው ዓመት የኮሌጅ እንግሊዝኛ ተመዘገበና ዲ አመጣ። የሀይስኩል ውጤት ብቻ መስሎት ነበር፤ ለካ የኮሌጅ ትራንስክሪፕቱ ላይም ለዘለቄታው ይቀመጣል፣ ዲ ደግሞ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሲሄዱ በአብዛኛው አይዛወርም። እኔ ያን ሳምንት ዕድር ላይ «ልጃችን ሀይስኩል ሳይጨርስ ኮሌጅ ገባ» ብዬ ጠላ ሳስጨምር ነበርኩ! ልጅሽ በምትችለው ትጀምር፤ እንግሊዝኛው እስኪረጋ ድርሰት የሚበዛበትን ታቆየው። ስትመዘገብም ልትገባበት የምታስበው ዩኒቨርሲቲ ያንን ኮርስ ለምን እንደሚቆጥረው አስቀድማ ትጠይቅ። የእኛው ልጅ ካለፋቸው ኮርሶች ሁለቱ ለኢንጂነሪንጉ ሳይሆን ለምርጫ ኮርስ ብቻ ነው የተያዙለት።

አማርኛዋን አትናቂባት። በኤፒ አማርኛ የለም፤ ግን አንዳንድ የትምህርት ወረዳዎች አማርኛ ፈትነው የሀይስኩል የውጭ ቋንቋ ክሬዲት ይሰጣሉ። ያ ለሌላ ኮርስ ቦታ ይለቅላታል።

የትራንስክሪፕት ወረቀቱን ነገር ግን ቀላል አታድርጊው። እኔ ሁለት ሳምንት ተመላልሻለሁ። ሪከርድ ክፍሉ ውስጥ ሮስተሩ በጆንያ ተቆልሏል፤ የ9ኛ ክፍል ሁለተኛ ሴሚስተር ገጽ ላይ ዝናብ ገብቶ ቀለሙን አጥቦታል። ሰውዬው የስልኩን መብራት አብርቶ 78 ይሁን 73 ሲመረምር ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ። 73 አለ፤ የልጁን ካርድ ከኪሴ ባላወጣ ኖሮ 73 ሆኖ ይቀር ነበር። ስለዚህ ካርዶቿን ሁሉ ሰብስቢ። ስሟ በእንግሊዝኛ ልክ እንደ ፓስፖርቷ ይጻፍ፣ አንዲት ፊደል እንኳ አትለይ። ትምህርት ተቋርጦ የነበረበት ጊዜ ካለ፣ ምክንያቱን ትምህርት ቤቱ ማኅተም ባለው ደብዳቤ ይግለጽላት፤ ያለዚያ የጎደለው ወር እንደ ሥንፍና ይታያል። ሁለት የታሸገ ቅጂ፣ አንድ ለራስሽ ክፍት ቅጂ አሠሪ።

ትምህርት ቤቱ ስትሄጂ ደግሞ ጠዋት ሂጂ። ከሰዓት የሪከርድ ክፍሉን ቁልፍ የያዘው ሰው አይገኝም።